አንበሳው ጋ ነኝ

ባለፈው ረቡዕ ማታ የምንወያይበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ለጠፍኩ። የዛሬ ልጆች ለምን አይደውሉም? ጥያቄዬ ይቺው ናት። ከሥሯ ግን ንዴቴን ዘረገፍኩት። ተናዶ መጻፍ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ጸጉሬ እንኳ ገና አልደረቀም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሮዬ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ከሥራ ስወጣ ተገናኝተን ጫማ ልገዛላት ተቀጣጥረናል። 12 ሰዓት ሲሆን ወረድኩና «አንበሳው ጋ ነኝ» ብዬ ጻፍኩላት። «መጣሁ» አለች። ሩብ ሰዓት ቆይታ እሷም አንበሳው ጋ መድረሷን ጻፈች። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የለችም። አንበሳውን ዞርኩት። የለችም። ይሄኔ የሐምሌ ዝናብ ወረደ። ጃንጥላዬን ቢሮ ረስቼዋለሁ። ዘበኛው ቆልፎ ሄዷል።

«የታለሽ?» አልኩ። «አንበሳው ጋ» አለች። ደወልኩ፤ አላነሳችም። ደገምኩ፤ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ከዚያ ሁለት ቃል መጣችልኝ፦ «ምን ሆንሽ»። የጥያቄ ምልክት እንኳ የላትም። ዝናብ እየደበደበኝ ቆሜ እየጠበቅኳት፣ ምን ሆንሽ! ስልኳ ወዲያው ዝግ ሆነ። በዚህ ላይ አንድ በ07 የሚጀምር የማላውቀው ቁጥር እየደጋገመ ይነዘንዘኛል። ዕጣ ደርሶዎታል የሚሉት ሰዎች መስለውኝ አላነሳሁትም።

ቤት ስገባ ቀድማኛለች። ለገሃር ነበርኩ አለችኝ። ለገሃር ምን ልትሠሪ ሄድሽ ብዬ ጮህኩባት። በሯን ዘጋች። እኔም ስልኬን አውጥቼ ይህን ሁሉ ጻፍኩ። በነጋታው ስነሳ መልሱ ተደርድሮ ጠበቀኝ። እስከ እሑድ ቀጠለ። እንደ አመጣጡ ልንገራችሁ።

1። የመጀመሪያው መልስ የአንድ አባት ነው። ሰላምታቸው ብቻ አራት መስመር ይሆናል። እኔንም ልጄንም ቤተሰቡንም ጠይቀው ነው ወደ ጉዳዩ የገቡት። ሙሉ በሙሉ ከእኔ ጋር ናቸው። እሑድ እሑድ ቤታቸው ቡና ሲፈላ አቦል ያልፋል፣ ቶና ያልፋል፣ በረካም ያልፋል፣ የልጅ ልጃቸው ግን ቀና አይልም። ሴት አያቱ ሲመርቁ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል አሜን ይላል። አንድም አሜን አምልጦት አያውቅም አሉ። ይህን የጻፉት ሊከሱት ነው። እኔ ግን ለልጁ ቆጠርኩለት።

2። አራት ኪሎ የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀጠለ። እናቴ ብሎ ነው የጀመረኝ። ሳያስጠነቅቁ መደወል ለእሱ በር ሳያንኳኩ እንደመግባት ነው። ስልክ ሲጠራ የያዝከውን ጣልና ወደ እኔ ዙር ይልሃል፤ መልእክት ግን እስኪመችህ ይጠብቅሃል ባይ ነው። ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ከእናቱ ጋር ሲያወራ ታክሲው በሙሉ ይሰማዋል። አንድ ቀን እናቱ እራት ሽሮ መሆኑን ስትነግረው ረዳቱ ከበሩ ሆኖ አይዞህ ብሎታል። ከዚያ ወደ እኔ ጉዳይ መጣ። «ምን ሆንሽ» የተጨነቀ ልጅ ቃል ነው አለ። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ «ምን ሆነሽ ነው» ነበር የምትለው። ይቺን መስመር ሦስቴ አነበብኳት። በልጄ ድምፅ ላነባት ሞከርኩ። የሚሰማኝ ግን የራሴው ድምፅ ነው።

3። አንድ ሰው ከመጀመሪያው ጋር እስማማለሁ ብሎ ሄደ። የመጀመሪያው እኔ ልሁን አባትየው፣ እስካሁን አልታወቀም።

4። አራተኛው ስለ ልጆችም ስለ ስልክም ትንፍሽ አላለም። ያነሳው አንበሳውን ነው። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራጺ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው አለ፤ ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በ1948 የቆመ። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ግን ሌላ አንበሳ አለ። ዘውድ የጫነው፣ የይሁዳው አንበሳ። ጣሊያን ነቅሎ ሮም የወሰደው፣ ዘርዓይ ድረስ በባዕድ አገር ሲያየው ደሙ ፈላ የሚባልለት። በሁለቱ መካከል በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ ልጅቷ አልዋሸችም ብሎ ዘጋው።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ እዚሁ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። በለገሃር በኩል በቀን ሁለቴ አልፋለሁ።

5። ይኸኛው ቀልደኛ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ፣ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ አለ፣ አንበሳ ጋራዥ አለ፣ አንበሳ አውቶቡስ ራሱ እየዞረ ነው፤ እዚህ ከተማ አንበሳ ጋ ነኝ ማለት ዛፍ ሥር ነኝ እንደማለት ነው አለ። ከሁሉ ብዙ ሳቅ የተደረገለት እሱ ነው። እኔ አልሳቅኩም።

6። ከዚህ በኋላ ነው ወሬው ጣዕም ያገኘው። አንዲት ሴት ካዛንቺስ ሲኖሩ የደረሰባትን ጻፈች። ቁልፍ ረስታ በር ላይ ቆማለች። ወንድሟ ትምህርት ቤት ነው። ቁልፉ ማን ጋ ነው ብላ ላከችለት። «እማዬ አለች» አላት። እናታችን ቤት ናት፣ አንኳኪ ማለቱ ነው። እሷ ግን አላልታ አነበበችው፤ እናታችን ተናገረች። ታዲያ ምን ተናገረች? «ምን አለች» ብላ መለሰች። እሱ ደግሞ ይህንን አጥብቆ አነበበው፤ መኖሯን የተጠራጠረች መሰለው። «አለች አልኩሽ እኮ» አለ። «እኮ ምን አለች?» አለች። «አለች!» አለ። እንዲህ ሲባባሉ 40 ደቂቃ ሄደ። እናትየው ከውስጥ ተኝተዋል። በመጨረሻ ልጅቷ በንዴት በሩን በእግሯ ስትመታው እናትየው ነቅተው ከፈቱላት፤ በር በመምታቷም ተቆጧት።

7። አንዲት የአማርኛ መምህርት ይህን ሲያነቡ ደስ ብሏቸው ነው የመጡት። ደስታቸው ከጽሑፉ ያስታውቃል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም አሉ። ገና ሲላላ ሌላ፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። ይበላል ሲላላ ልጁ ይበላል፣ ሲጠብቅ እንጀራው ይበላል። አንዳንድ መዝገበ ቃላት ከፊደሉ አናት ላይ ነጥብ ያስቀምጣሉ፤ እሳቸው ግን ስልካቸው ላይ ፈልገው አላገኙትም። መጽሐፍ ስናነብ የሚያስቸግረን እምብዛም ነው፤ ጎረቤት ቃላት ይነግሩናል። የስልክ መልእክት ግን ጎረቤት የለውም። ሁለት ቃል ብቻዋን ሜዳ ላይ ትቆማለች።

ስለ «መጣሁ»ም ያሉት አለ። ቃሉ ያለፈ ጊዜ ነው፤ ግን ከመቀመጫችን ተነስተን ስንሄድ መጣሁ እንላለን። ገና ካልሲ እያደረግን መጣሁ እንላለን። ታክሲ ወረፋ ይዘንም መጣሁ ነው። ልጅሽ የት ሆና መጣሁ እንዳለች ጠይቀሻታል ወይ አሉኝ። አልጠየቅኳትም።

8። ሞባይል ጥገና የሚሠራ ሰው ሌላ ነገር ጨመረበት። ድሮ በላቲን ፊደል አማርኛ የምንጽፈው ለዘመናዊነት ብቻ አልነበረም አለ። የላቲን ፊደል በአንድ አጭር መልእክት 160 ይገባል፣ የግዕዝ ፊደል 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል፣ ሂሳቡም ሁለት ነው። ብዙ ስልኮች ደግሞ ፊደላችንን ባዶ ሳጥን አድርገው ነበር የሚያሳዩት። ልማዱ የቀረው ከዚያ ነው።

ታዲያ በላቲን ሲጻፍ ጠ እና ተ አይለዩም። እህቱ አንድ ቀን አከራይዋ መምጣቱን ጻፈችለት። እሱ ሜክሲኮ ሱቁ ውስጥ ሆኖ አከራዩ መታ ብሎ አነበበው። ማንን መታ ብሎ አልጠየቀም። ሱቁን ዘግቶ ታክሲ ይዞ ፒያሳ በረረ። ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ በሩን ሲከፍት አከራዩ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። እህቱ ስኒ እያጠበች ነው። በጨበጠው እጁ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። አከራዩ ተነስተው ያንኑ እጅ ጨበጡት። ከዚያ የኪራይ ጭማሪውን ነገሩት። ያኔ ነው በእውነት የተመታሁት ብሎ ጨረሰ።

9። አንድ አባት ተበሳጩ። የሰዋስው ትምህርት አደረጋችሁት፣ ጉዳዩ ሱስ ነው አሉ። ልጃቸው ስልኩን ትራስ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲነሱ ብርድ ልብሱ ከውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። እውነታቸውን ነው። የእኔም ቤት ይበራል። ግን ማንም አልመለሰላቸውም፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የመጣው መልስ መድረኩን አቃጠለው።

10። የጻፉት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። በእሳቸው ጊዜ ደብዳቤ በወር ይደርስ ነበር። ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ተብሎ ይጀመራል። ከዚያ ዘመድ በሙሉ በስም ይጠየቃል። ጉዳዩ የሚመጣው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ታዲያ ማንም ማንንም በስህተት አልተረዳም ይላሉ። (እዚህ ላይ እንኳ እጠራጠራለሁ። አባቴ ከአጎቴ ጋር ለሦስት ዓመት የተኳረፈው በደብዳቤ ነው።) ቀጥለው የዛሬ ወጣቶችን ወቀሱ። ምኑን ከምኑ እንደሆነ አልዘረዘሩም። መጨረሻ ላይ ግን ክብርን አነሱና «አይገባቸውም» የምትለውን ቃል ከጎኗ አስቀመጡ። በቃ።

11። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ወጣት ደረሰች። በየወሩ ደመወዟን ስትቀበል ከሁሉ በፊት ለአያቷ በቴሌብር ትልካለች። ልካም ደውላ መድረሱን ታረጋግጣለች። እና ለእኔ የማይገባኝ የቱ ክብር ነው ብላ ጠየቀች። ጨዋነቷ አልጎደለም፤ ግን እጇ እየተንቀጠቀጠ እንደጻፈች ይሰማል።

12። ይኸኛው ጨዋነት ውስጥም አልገባ። ስለ ወጣቶች የስልክ አያያዝ ከማውራታችሁ በፊት የራሳችሁን እዩ አለ። ይህን ለ10 ሰው ካልላክህ መቅሰፍት ይመጣብሃል የሚል መልእክት የሚልከው ማነው? በየማለዳው ጽጌረዳና ስኒ ያለበት የእንደምን አደራችሁ ፎቶ ስልኬን የሚሞላው ማነው? ታክሲ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ስለ ሰው ፍቺ የሚያወራው ወጣት ነው ወይ? ልክ ነው። ልክ ሆኖ ግን ያማል። የጽጌረዳውን ፎቶ እኔም እልካለሁ።

13፣ 14፣ 15፣ 16። እነዚህን አላወራቸውም። አንዱ 12ኛውን ስድ አለው። ሌላው 13ኛውን አረጀህ አለው። 15 ቁጥር እኔ ነኝ፤ ተረጋጉ ብዬ ጻፍኩ። 16 ቁጥር እሳቱን የለኮስሽው አንቺ አይደለሽ ወይ አለኝ።

17። አዛውንቱ በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ። ማታ ቶሎ ነው የሚተኙት፤ የተነሳውን አቧራ አላዩም። ደንግጠው ነው የጻፉት። እሳቸው ያሉት የክብር ነገር አይገባቸውም፣ ማለት አይረዱትም፣ ማንም አላስተማራቸውም ነው። ጥፋቱንም የራሳቸውን ትውልድ አድርገው ነበር ያሰቡት። ክብር አይበቃቸውም ማለት እንዴት አደርጋለሁ፣ የልጅ ልጆች አሉኝ አሉ።

18። አንድ ሰው አሁን ነው ያሰቡበት ብሎ አላመናቸውም።

19። መምህርቷ ዳግም መጡ። ይኸኛው የመጥበቅና የመላላት ጉዳይ እንኳ አይደለም አሉ፤ ድምፁም አንድ ነው። ያልተረዳ ሰውም አይገባውም፣ የማይበቃው ሰውም አይገባውም። ቃሉ ሁለቱንም ይችላል። የሰሚው ፈንታ ነው። ሰውየው ፊት ለፊት ቢናገሩት ከፊታቸው ይታይ ነበር አሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። እሳቸው ለእኔ ወግነው ነው የጻፉት። እኔም ያነበብኩት በክፉው ነው። አንብቤም ደስ ብሎኝ ነበር።

20። ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘ፤ የእድር ወሬ መጣ። አንዲት እናት እድራቸው ቴሌግራም ላይ ቡድን እንዳለው ጻፉ። ድሮ ጡሩምባ ነፊ በየመንደሩ እየዞረ ያረዳ ነበር። አሁን ስልክ ጭራሽ ሳይጮህ፣ ጪው ብሎ ነው የሚያረዳው። የጎረቤታቸው ባል ሲያርፍ ማስታወቂያው ሥር ሁሉም ነፍስ ይማር ይጽፋል። እሳቸው ፊደል መልቀም ስለሚከብዳቸው ቢጫ ፊት መረጡ። ሁለት ትልልቅ እንባ ዓይተው ነው የመረጡት። ያቺ ፊት ግን በሳቅ የምታለቅሰዋ ናት። ድንኳን ሲገቡ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ለሦስት ቀን ምክንያቱ አልገባቸውም። የነገራቸው የ12 ዓመት የልጃቸው ልጅ ነው። እሳቸውም ስልካቸውን ይዘው ሄደው፣ ሐዘንተኛዋ እግር ሥር ተቀምጠው፣ ያቺን ቢጫ ፊት በጣታቸው አስፍተው እንባውን አሳዩዋት። ሐዘንተኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው።

21። ሌላው ስለ ሚስኮል አነሳ። ሞባይል አዲስ አበባ ከገባ ከ1991 ጀምሮ ካርድ ውድ ነበር። የጽሑፍ መልእክትም ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ በ2000 መባቻ ነው የተለቀቀው። ስለዚህ ቃል የሌለው ቋንቋ ፈጠርን አለ። አንዴ ጠርቶ ሲዘጋ ደረስኩ፣ ሁለቴ ሲሆን ውረጂ፣ ሦስቴ ሲሆን አባትሽ አሉ ወይ። ኔትወርኩ ግን ቋንቋውን አያውቅም። አንድ ቅዳሜ እሱ ሁለቴ ሲያደርግ ለእሷ የደረሳት አንዱ ብቻ ነው። ጊዮርጊስ አጥር ሥር ሁለት ሰዓት ቆመ። እሷ መስኮት ላይ ሆና ለምን ውረጂ አይለኝም እያለች ትጠብቃለች። ተጋብተው ልጆች ወልደዋል። ስንቴ እንደጠራ ግን ዛሬም ይከራከራሉ።

22። የሰዓቱም ነገር ተነሳ። አንዲት ልጅ የሥራ ፈተና በ3:00 የሚል መልእክት ከአንድ መሥሪያ ቤት ደረሳት። ጠዋት ነው ብላ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ተገኘች። ጥበቃው ከምሳ በኋላ ነይ አላት፤ የፈረንጅ 3 ሰዓት ኖሯል፣ ማለት ከቀኑ 9። ስድስት ሰዓት ተኩል ደረጃ ላይ ተቀመጠች። የባሰበት ግን 23ኛው ነው። እሱ 8:00 ሲባል ምሳውን በልቶ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ከቀኑ 8 ላይ ሄደ። ፈተናው ያለቀው ጠዋት ነው።

24። አንድ አባት አሳቀኝ። ልጃቸው ቴሌግራም ከጫነላቸው ጀምሮ የሚታየውን ምልክት ራይት መስሏቸው ነበር። አስተማሪ ደብተር ላይ የሚያደርገው ራይት። አንድ ሲሆን ልክ ነህ፣ ሁለት ሲሆን በጣም ልክ ነህ። ስለዚህ ለወንድማቸው ስለ መሬቱ ክርክር ጽፈው ሁለት ራይት ሲያዩ ተስማማ ብለው ለሽማግሌ ነገሩ።

25። አንዲት ወጣት በትሕትና አረመቻቸው። ቴሌግራም ላይ አንዱ መልእክቱ ሄዷል፣ ሁለቱ ተነቧል ማለት ነው። ዋትስአፕ ላይ ግን ሁለት ግራጫ ደርሷል ብቻ ነው፤ ሲነበብ ሰማያዊ ይሆናል። ይህን ሳታውቅ አንዱን ልጅ አንብበህ ዘጋኸኝ ብላ ተለያይታዋለች። ልጁ ለካ አላነበበም፤ ጎንደር መንገድ ላይ ነበር። አሁን የት እንዳለ አታውቅም። ይቺን መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ጣል አድርጋ ነው የሄደችው።

26። ውጭ አገር ያደገ ልጅ ስለ አያቱ ጻፈ። ስልክ ላይ ሲያወራቸው ድንገት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባሉ። እሱ ታመሙ ብሎ ይደነግጥ ነበር። አዎ ማለታቸው መሆኑን የነገረው የለም። አሁን አያቱ በቮይስ ነው የሚያወሩት፤ እሱም ያችን ትንፋሽ እየመለሰ ይሰማታል። ይህን የሚጽፍ ፊደል አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። መምህርቷም ዝም አሉ።

27። ቀጥሎ የማይታወቅ ቁጥር ማንሳት ልክ ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነሳ። አንዱ ዕጣ ወጣልህ ብለው የይለፍ ቁጥሩን ሊወስዱበት እንደነበር ተናገረ። ብዙ ሰው አላነሳም አለ። እኔም ሥሩ ገብቼ አላነሳም፣ ያንን 07 በደንብ አድርጌ ችላ ብዬዋለሁ ብዬ በኩራት ጻፍኩ። 28 ቁጥር የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ነው። ወዲያው ተሰረዘ።

29። እሑድ ከሰዓት ስም የሌለው መልስ መጣ። ገና ከመጀመሪያው መስመር አወቅኳት። እኔ ወጥ ቤት ነኝ፤ እሷ ክፍሏ ናት። በመካከላችን አንድ ግድግዳ አለ።

ለገሃር አንበሳው ጋ የሄደችው ከባቡሩ ስለወረደች ነው። ስደውልላት ስልኳ በዝናብ ረጥቧል፤ የረጠበ ስክሪን ጣት አይቀበልም። ለማንሳት ትጎትታለች፣ አይነሳም። እናቷ እንዲያ ደጋግማ ስትደውል መኪና የገጫት መሰላት። ስክሪኑን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ጠርጋ የቻለችው ሁለት ቃል ብቻ ነው። የጥያቄ ምልክቱን ስትፈልግ ባትሪው አለቀ። አጠገቧ ሱቅ ጥላ ሥር የተጠለለ አንድ ሊስትሮ ነበር። ስልኩን ለመነችው፣ ሰጣት። ቁጥሬን በቃሏ ታውቀዋለች። አንደኛ ክፍል ስትገባ ብትጠፋብኝ ብዬ እንደ መዝሙር ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ሦስቴ ደወለች። ሦስተኛው ላይ ሊስትሮው ከእናትሽ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ ብሎ ጠየቃት።

ወጡን ከእሳት አወረድኩና ስልኬን ከፈትኩ። ስልኬ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። 6:41፣ 6:44፣ 6:52። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ጥሪ፣ ሦስቱም ቀይ።

ሰኞ ጠዋት ልጁን ላመሰግነው ወደዚያ 07 ደወልኩ። አላነሳም። ደገምኩ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ መልእክት መጣ፦ ማን ልበል።

የልጅቷ እናት ነኝ ብዬ ጻፍኩ።

የቷ ልጅ? አለኝ።